በጨለማ የሚያይ ዓይን በውሰት አይገኝም

ዛሬ ከሰሞኑ ፖለቲካ ዞር ብለን ስለ አንድ ዕቃ እናወራለን። ዕቃው ባይኖኩላር ነው፤ አባቶቻችን "የጦር መነጽር" የሚሉት። ነገሩ ከፖለቲካ የራቀ ይመስላል እንጂ የራቀ አይደለም። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻዬ ይህ ነው። ባሌ ተራሮች አካባቢ በአስጎብኚነት ሥራ የጀመረ የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ባይኖኩላር ልገዛ ነው። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ የሚያሳይ፣ ዝናብ የማይፈራ፣ ቢወድቅ የማይበላሽ እፈልጋለሁ። ሻጩ ሃያ እጥፍ የሚያጎላ አለኝ ይላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ምን ትለኛለህ?"

መልስ ከመስጠቴ በፊት ከቁም ሳጥን ውስጥ የአጎቴን ባይኖኩላር አወጣሁ። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከምናለሽ ተራ የገዛው የሶቪየት ሥሪት ነው። በሩሲያ ፊደል ከተጻፈው ጽሑፍ ጎን 8×30 ይላል። እንደ ድንጋይ የከበደ፣ ጠንካራ ዕቃ ነበር። ነገር ግን አንድ ክረምት እርጥበት ገባበትና ውስጡ እንዳላበ የመኪና መስታወት ሆነ። ብንወለውለው ብንወለውለው አልለቅ አለ፤ ጉሙ ያለው ከውስጥ ነበርና። ፈቶ የሚያጸዳና መልሶ የሚገጥም ባለሙያ ፈልገን አጣን። አጎቴም በኋላ በኋላ "ዓይኔ ነው የደከመው" ማለት ጀመረ። የደከመው ዓይኑ አልነበረም።

ለአክስቴ ልጅ "ይህን ግዛ" ብዬ በአንድ ቃል መመለስ እችል ነበር። ግን ባይኖኩላር ላይ የሚጻፉት ቁጥሮችና ሻጮች የሚደረድሯቸው ስሞች እያንዳንዳቸው ታሪክ አላቸው። ታሪኩን ያወቀ ሰው በሻጭ አይታለልም። ታሪኩን ያወቀ አገር ደግሞ ሌላ ቁም ነገር ይማርበታል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

8×30 ሲል የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይናገራል። ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስናካፍል በዓይን በኩል የሚወጣውን የብርሃን ክብ ስፋት እናገኛለን። የአጎቴ ባይኖኩላር 3.75 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። የሰው ዓይን ብሌን በቀን ብርሃን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚጠብ ይህ ለቀን ከበቂ በላይ ነው። በጨለማ ግን የወጣት ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ድረስ ይከፈታል። ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ሲመሽ የአጎቴ ባይኖኩላር ለተከፈተ ትልቅ በር ትንሽ ሻማ እንደማብራት ነው።

አሁን ሃያ እጥፍ ያጎላል የተባለውን እንየው። የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ ለዓይን የሚሰጠው 2.5 ሚሊ ሜትር ብርሃን ነው። የእጅ መንቀጥቀጥንም ሃያ እጥፍ ያጎላዋል። ለመሸት ሰዓት ይህን መግዛት ገንዘብን ገደል መክተት ነው። የባሕር ኃይሎች ለሌሊት ቃፊሮቻቸው 7×50 የመረጡት በዚህ ሒሳብ ነው። 50 ለ7 ሲካፈል 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰጣል፤ የወጣት መርከበኛ ብሌን በጨለማ የሚከፈተውን ያህል ማለት ነው።

ከሆላንድ እስከ ዬና

በ1608 በሆላንድ የሚኖር ሃንስ ሊፐርሼ የተባለ መነጽር ሠሪ የሩቁን የሚያቀርብ መሣሪያ ሠርቻለሁ ብሎ ለመንግሥት የባለቤትነት መብት ጥያቄ አቀረበ። ባለሥልጣናቱ መሣሪያውን አይተው ወደዱት፤ ነገር ግን በሁለት ዓይን የሚታይበት እንዲሠራላቸው ጠየቁት። ልብ በሉ፤ የባይኖኩላር ጥያቄ የተነሣው ቴሌስኮፕ በተወለደበት ዓመት ነው፤ ያነሣውም ጦርነት ላይ የነበረ መንግሥት ነው።

ጥያቄው በወጉ እስኪመለስ ግን ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በመካከሉ የነበሩት የጦር መነጽሮች ሁለት አጫጭር ቴሌስኮፖች ጎን ለጎን የተጋደሙባቸው ነበሩ። ብዙ አያጎሉም፤ የሚያሳዩት ስፍራም ጠባብ ነበር። በ1854 ኢግናዚዮ ፖሮ የተባለ ጣሊያናዊ በፕሪዝም ብርሃንን እያጠፈ ምስልን ቀጥ የሚያደርግበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የሚመጥነው መስታወት ግን አልነበረም። የዘመኑ መስታወት ደመናማ፣ አረፋና ጅማት የበዛበት ስለነበር ብርሃን በወፍራም ፕሪዝም ውስጥ ሲያልፍ ይደክም ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከጀርመኗ ትንሽ ከተማ ከዬና ነው። በዚያ ሦስት ሰዎች ተገናኙ፦ መሣሪያ ሠሪው ካርል ዛይስ፣ የፊዚክስ ሊቁ ኤርንስት አቤና የመስታወት ኬሚስቱ ኦቶ ሾት። ሾት በ1884 በዬና የመስታወት ፋብሪካ ሲቋቋም የመስታወትን ቅመም በሳይንስ እየለካ አዳዲስ ዓይነቶችን ማውጣት ቀጠለ። በዚያ መስታወት ላይ ተመሥርቶ የዛይስ ኩባንያ በ1894 በፕሪዝም የሚሠራውን ዘመናዊ ባይኖኩላር ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ "ፖሮ ፕሪዝም" የሚባለው፣ ትከሻው ሰፋ ያለው ዓይነት የዚያ ልጅ ነው።

በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ የዓለም መኮንኖች ሁሉ ዓይናቸው ዬና ላይ አረፈ። በ1905 በሱሺማ የባሕር ውጊያ የሩሲያን መርከቦች የደመሰሰው የጃፓኑ አድሚራል ቶጎ ባንገቱ ያንጠለጠለው የዛይስ ባይኖኩላር ነበር። ድሉ የቶጎ ነው፤ ዓይኑ ግን ከጀርመን የተገዛ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

የተቆለፈው ሣጥን

ሚያዝያ 14 ቀን 1912 ከሌሊቱ እኩለ ሌሊት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ታይታኒክ ከበረዶ ግግር ጋር ተላተመች። ከ1,500 ያላነሰ ሰው አለቀ። በማማው ላይ የነበረው ቃፊር ፍሬደሪክ ፍሊት በአሜሪካ ሴኔት ምርመራ ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ ባይኖኩላር ጠይቀው የለም እንደተባሉ ተናገረ። ቢኖር ኖሮ ግግሩን ቀደም ብለው አይተው ለመሸሽ የሚበቃ ጊዜ ያገኙ እንደነበርም መሰከረ።

ከቤልፋስት እስከ ሳውዝሃምፕተን ባለው ጉዞ ባይኖኩላር ነበር። ነገር ግን በመጨረሻው ሰዓት የመኮንኖች ሹም ሽር ተደረገና ዴቪድ ብሌር የተባለው መኮንን ከመርከቧ ወረደ። ቁልፍም በኪሱ እንደያዘ ሄደ። ያ ቁልፍ በ2007 በጨረታ በ90,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ "ታይታኒክን ያሰጠማት አንድ ቁልፍ ነው" የሚለው ወሬ ዓለምን አዳረሰ።

ታሪክን እንዲህ ማቅለል ግን ደግ አይደለም። በእንግሊዝ በተደረገው ምርመራ የደቡብ ዋልታው አሳሽ ኧርነስት ሻክልተን ቀርቦ ቃፊር ባይኖኩላር ሊይዝ አይገባም ሲል ተከራክሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባይኖኩላር የሚያሳየው ጠባብ ስፍራ ነው። ቃፊር ሰማይና ባሕሩን በሙሉ በባዶ ዓይኑ መቃኘት አለበት፤ አንድ ነገር ሲጠረጥር ብቻ መነጽሩን ያነሣል። በዚያ ሌሊት ጨረቃ አልነበረችም፣ ባሕሩም እንደ ዘይት ረግቶ ከግግሩ ሥር ነጭ አረፋ አልታየም። የምርመራው ፍርድ ደግሞ ያረፈው በመነጽሩ ላይ አልነበረም፤ መርከቧ በበረዶ ቀጣና ውስጥ ከመጠን በላይ በመፍጠኗ ነው። ዓይን አይቶ ልብ ካልፈረደ መነጽር ብቻውን ምን ይሠራል? የበረዶ ማስጠንቀቂያው እኮ ቀን ሙሉ በሬዲዮ ሲመጣ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ሁለት ነው። መሣሪያ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ካለ የለም ማለት ነው። መሣሪያ ቢኖርም የሚያየውን የሚሰማ አለቃ ከሌለ አሁንም የለም ማለት ነው።

የመስታወት ረሃብ

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ደረስን። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እንግሊዝ የዓለም ታላቋ የባሕር ኃይል ነበረች። ፋብሪካዋ፣ ከሰሏ፣ ብረቷ፣ ባንኳ ሁሉ ሙሉ ነበር። የሌንስ መስታወት ግን አልነበራትም። ከሚያስፈልጋት ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ከጀርመን፣ 30 በመቶ ያህሉ ከፈረንሳይ ይመጣ ነበር። በአገሯ የሚሠራው 10 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን እሱም በበርሚንግሃም አቅራቢያ ካለው ከቻንስ ወንድማማቾች ፋብሪካ የሚወጣ ነበር። የጠላት መስታወት በአንድ ጀምበር ሲቋረጥ የመድፍ ማነጣጠሪያው፣ የሰርጓጅ መርከብ ፔሪስኮፑ፣ የመኮንኑ ባይኖኩላር ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ገባ።

ምን አደረጉ? አዛውንቱ ፊልድ ማርሻል ሎርድ ሮበርትስ ሕዝቡን ለመኑ፤ የፈረስ እሽቅድምድም የምታዩበትን፣ አደን የምትወጡበትን መነጽር ለጦሩ አውሱ አሉ። ሕዝቡም አላሳፈራቸውም፤ በሺዎች የሚቆጠር መነጽር ተሰበሰበ። ሮበርትስ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ፈረንሳይ ያለውን ጦር ሲጎበኙ ሞቱ፤ ሥራውን ልጃቸው ቀጠሉበት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ "የቸገረው እርጉዝ ያገባል" የሚያሰኝ ነው። የእንግሊዝ የጦር መሣሪያ ሚኒስቴር ራሱ ያሳተመው ይፋዊ ታሪክ እንደሚለው፣ በ1915 አንድ ሰው ወደ ስዊዘርላንድ ተልኮ ከጀርመን ባይኖኩላር ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ። ጀርመን በበኩሏ በእንግሊዝ እገዳ ምክንያት ጎማ ተቸግራ ነበር። ዕቃው በእርግጥ ተለዋውጧል ወይ በሚለው የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለእኔ ግን ጥያቄው መቅረቡ ብቻ ይበቃኛል። በአንድ በኩል ወጣቶች በምሽግ ውስጥ እየተላለቁ፣ በሌላ በኩል ያንኑ ጠላት "ዓይን ሽጥልኝ" ማለት! የዓለምን ባሕር የገዛ መንግሥት እዚህ የደረሰው ድሃ ሆኖ አልነበረም። በሰላሙ ጊዜ "ከውጭ ሲገዛ ይረክሳል" በሚል ስሌት ነው።

አሜሪካም አልዳነችም። በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ያው ረሃብ ጠበቃት። ያን ጊዜ የባሕር ኃይል ረዳት ሚኒስትር የነበረው፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት "ለባሕር ኃይላችን ዓይን ስጡ" የሚል ጥሪ ለሕዝብ አስተላለፈ። ሰዎች ባይኖኩላራቸውንና ቴሌስኮፓቸውን ዋሽንግተን ወዳለው የባሕር ኃይል የከዋክብት ጥናት ተቋም ላኩ። መንግሥት ዕቃ በነጻ መቀበል በሕግ ስለማይፈቀድለት ለእያንዳንዱ አንድ ዶላር ከፈለ። ከጦርነቱ በኋላም የተረፈው ለየባለቤቱ እንዲመለስ ተደረገ።

ነገር ግን አሜሪካ በልመናው ብቻ አልቆመችም። በ1917 የጸደይ ወራት ከዋሽንግተን የካርኔጊ ተቋም የጂኦፊዚክስ ላቦራቶሪ የተውጣጡ ሳይንቲስቶች ሮቸስተር ከተማ ወደሚገኘው የባውሽ ኤንድ ሎም ፋብሪካ ገቡ። እነዚህ ሰዎች የድንጋይና የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አጥኚዎች ነበሩ። ቀልጦ ስለሚቀዘቅዝ ማዕድን የነበራቸውን ዕውቀት ወደ መስታወት አዞሩት። እንዴት እንደሚማሰል፣ ምን ያህል በቀስታ እንደሚቀዘቅዝ፣ የሸክላው ማሰሮ ራሱ መስታወቱን እንዴት እንደሚያቆሽሽ ለቀመው ያዙ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል አሜሪካ የሌንስ መስታወቷን ራሷ የምትሠራ አገር ሆናለች። ጦርነት ያልነበረበት ጊዜ ተከፍሎበት የነበረ የድንጋይ ጥናት አገር አዳነ። "ይህ ጥናት ምን ይጠቅማል?" እያልን በጀት ለምንቆርጥ ሰዎች መልስ ነው።

የማይንጸባረቅ መስታወት

የሌሊት እይታ ታሪክ ሌላው ምዕራፍ ቅባት ነው። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባም ሲወጣም ከመቶ አራት እጅ ያህሉ ይንጸባረቅና ይጠፋል። አንድ ባይኖኩላር ውስጥ አሥር እንዲህ ያለ ገጽ ቢኖር ከገባው ብርሃን አንድ ሦስተኛው ዓይን ሳይደርስ ይቀራል። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ የሌንስ ባለሙያ ዕድሜ ያወየበው አሮጌ ሌንስ ከአዲሱ የበለጠ ብርሃን እንደሚያሳልፍ አስተዋለ። ፍሬ ነገሩ ሌንሱ ላይ የተፈጠረው ስስ ሽፋን ነበር። በ1935 በዛይስ ይሠራ የነበረ ኦሌክሳንደር ስማኩላ የተባለ ዩክሬናዊ ፊዚሲስት ይህን ሽፋን በአየር አልባ ክፍል ውስጥ ሆን ብሎ የሚቀባበትን ዘዴ አስመዘገበ። የጀርመን ጦር ወዲያው ምሥጢር አደረገው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኋለኞቹ ዓመታት ዛይስ ለሰርጓጅ መርከብ መኮንኖች የሠራው 7×50 የአክስቴ ልጅ የጠየቀውን ሁሉ ያሟላ ነበር፦ ሌንሱ የተቀባ፣ አካሉ ጎማ የለበሰ፣ ውኃ የማያስገባ። መርከቧ በድንገት ስትጠልቅ ከላይ ቢረሳ እንኳ እንዲችል ተብሎ የተሠራ ነው። ዛሬ ጎማ የለበሰ ባይኖኩላር ስታዩ አያቱ ይህ ነው።

ሳቮ፦ ዓይንና ራዳር

ነሐሴ 8 ቀን 1942 ለ9 አጥቢያ፣ በሰለሞን ደሴቶች በሳቮ አጠገብ፣ የጃፓኑ አድሚራል ሚካዋ ሰባት ክሩዘሮችንና አንድ ዲስትሮየርን አስከትሎ በጨለማ ተጠጋ። አሜሪካኖቹ ባሕሩን የሚጠብቁ ሁለት ዲስትሮየሮች አቁመው ነበር፤ ሁለቱም ራዳር ነበራቸው። ጃፓኖቹ የነበራቸው ለዓመታት በሌሊት የሠለጠኑ ቃፊሮችና በመቆሚያ ላይ የተተከሉ ትልልቅ ባይኖኩላሮች ናቸው። የቶጎ ልጆች በ1917 ኒፖን ኮጋኩን፣ ዛሬ ኒኮን የምንለውን፣ አቋቁመው ዓይናቸውን ራሳቸው መሥራት ጀምረው ነበር።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቃፊሮቹ "ብሉ" የተባለችውን ዲስትሮየር በ9 ኪሎ ሜትር ግድም አዩአት። መድፎቻቸውን ወደ እሷ አዙረው ትንፋሻቸውን ውጠው አለፉ። እሷ አላየቻቸውም። የራዳሩ ሞገድ በደሴቶቹ ግርግር ተምታቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አራት ከባድ ክሩዘሮች፣ ሦስት የአሜሪካና አንድ የአውስትራሊያ፣ ለጥፋት ተዳረጉ። ከ1,000 በላይ መርከበኞች ሞቱ።

እዚህ ላይ ብናቆም "ዓይን ራዳርን አሸነፈ" ብለን እንሳሳታለን። ልክ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ ነሐሴ 1943፣ በቬላ ባሕረ ሰላጤ የአሜሪካ ዲስትሮየሮች በራዳር ብቻ እየተመሩ ሦስት የጃፓን ዲስትሮየሮችን አሰጠሙ፤ ራሳቸው አንድም መርከብ አላጡም። የተለወጠው መሣሪያው ብቻ አልነበረም፤ ሥልጠናውና አዛዦቹ በመሣሪያው ላይ ያላቸው እምነትም ጭምር ነው። ሳቮ ላይ ያሸነፈው መስታወቱ ብቻ አልነበረም፤ ለዓመታት በጨለማ የተለማመደው ሰው ነው።

ዬና ስትከፈል

በ1945 የአሜሪካ ጦር ዬናን ያዘ። ከተማዋ በስምምነት ለሶቪየቶች ልትሰጥ ስለነበረ ከመውጣታቸው በፊት ከ80 በላይ የዛይስ ሥራ አስኪያጆችንና ሊቃውንትን ወደ ምዕራብ ይዘው ሄዱ። በ1946 ደግሞ ሶቪየቶች የቀሩትን በርካታ ባለሙያዎች ወደ አገራቸው ወሰዱ፤ የፋብሪካውንም መሣሪያ ፈታተው ጫኑ። ሁለቱም ኃያላን አንድ ነገር ተረድተው ነበር፦ ወርቁ መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ ሳይሆን የሚሠራው ሰው ነው። አጎቴ ከምናለሽ ተራ የገዛው ባይኖኩላርም ከጀርመን የተወሰደ ዕውቀት የዳበረበት የዚያ የሶቪየት ኢንዱስትሪ ፍሬ ነበር።

እንግዲህ የትኛውን እንግዛ?

ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት ምክር ይኸው።

ማጉላትን አታሳድድ። ለመራመድና ለንጋት 8×42 ይበቃል፤ ለዓይንህ 5.25 ሚሊ ሜትር ይሰጥሃል። አንድ ቦታ ቆመህ ወይም በመኪና ሆነህ በጨለማ የምታይ ከሆነ 7×50 ይሻላል፣ ግን ይከብዳል። ዕድሜው ከሃምሳ ላለፈ ሰው ብሌኑ ስለማይከፈት 7×50 የሚሰጠውን ሁሉ አይጠቀምበትም፤ ሸክሙ ይቀርለት። ማጉያው እንደ ካሜራ ዙም የሚለዋወጥ የሚባለውን አትንካ።

"ውኃ የማያስገባ" እና "ጠብታ የሚችል" አንድ አይደሉም። ጥሩው በጎማ ቀለበት የታሸገና አየሩ ወጥቶ ናይትሮጅን የተሞላ ነው። ናይትሮጅኑ ደረቅ ስለሆነ ከቀዝቃዛ ተራራ ወደ ሞቀ ቤት ስትገባ ውስጡ አያልብም። የአጎቴን ያጠፋው የዚህ መጓደል ነው። መለኪያው "አይፒኤክስ 7" ከተባለ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት ይችላል ማለት ነው።

ሌንሶቹ ሁሉ፣ በሁለቱም ገጽ፣ በብዙ ንብርብር የተቀቡ መሆናቸውን ጠይቅ። "የተቀባ" የሚለው ቃል ብቻውን አንድ ገጽ ብቻ ተቀብቶም ሊባል ይችላል። እንደ ደም የቀላ ሌንስ ለማማለል ነው፤ ራቀው። ቀጥ ያለ ቱቦ የሚመስለው "ሩፍ ፕሪዝም" ከሆነ ፕሪዝሙ "ፌዝ" የሚባለው ቅብ ይኑረው፤ ያለዚያ ምስሉ ይደበዝዛል። በተመሳሳይ ዋጋ ፖሮው ብዙ ጊዜ የተሻለ ያሳያል፤ ሩፉ ግን ለመሸከምና ለማሸግ ይመቻል።

ሱቅ ውስጥ ባይኖኩላሩን ከዓይንህ አርቀህ ወደ ብርሃን አዙረውና በዓይን በኩል የሚታየውን ክብ ተመልከት። ክቡ ሙሉ ከሆነ ደግ ነው፤ ጠርዙ እንደ አራት ማዕዘን ከተቆረጠ ፕሪዝሙ ርካሽ ነው። ሩቅ ያለ ምሰሶ ላይ አተኩረህ ሁለት ሆኖ ከታየህ ወይም ግንባርህን ከወጠረህ ሁለቱ ቱቦዎች አልተጣጣሙምና መልሰው። ባለ መነጽር ከሆንክ ዓይንህ ከሌንሱ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ርቆም ሙሉውን ማየት መቻል አለበት። ከተቻለ ደግሞ በሱቅ መብራት ሳይሆን ሲመሽ ውጭ ሞክረው። ዓይን ጨለማን ለመልመድ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በመካከል ስልክህን ከከፈትክ እንደ አዲስ ትጀምራለህ።

የኛ ጉዳይ

አሁን ወደ ራሳችን። በዓለም ላይ የቀረው ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ነው፤ ያለውም በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን አብዛኛው በባሌ ተራሮች ነው። በሰኔቲ አምባ ላይ ብርዱ፣ ጉሙና ዝናቡ ምን እንደሚመስል የሄደ ያውቀዋል። ይህን የዓለም ብቸኛ ሀብት የሚጠብቁት ስካውቶች ናቸው። የታመመ ቀበሮን ከሩቅ ለይቶ የሚያየው፣ ወደ ፓርኩ የገባን ውሻ ቀድሞ የሚያየው ስካውቱ ነው። እኔ ባየኋቸው ጉዞዎች ግን ጥሩ ባይኖኩላር ባንገቱ ያንጠለጠለው ብዙውን ጊዜ ጎብኚው ነው፤ ስካውቱ ተበድሮ ያያል። ጎብኚው ሲሄድ ዓይኑም ይሄዳል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይህ ነው።

ባይኖኩላርን የሰላይ ዕቃ አድርጎ የማየት ልማድም አለብን። እኔ ራሴ ወፍ ለማየት በወጣሁበት በአንድ ኬላ ላይ ግማሽ ቀን ስለ አንድ መነጽር ስጠየቅ ውያለሁ። ጠያቂዬን አልወቅሰውም፤ የጸጥታ ሥጋት እውነት ባለበት አገር መጠየቁ ሥራው ነው። ነገር ግን ሥጋትን በግልጽ መመሪያና በፈቃድ ወረቀት መያዝ ይቻላል። ለጥበቃ፣ ለጥናትና ለቱሪዝም የሚያገለግልን መሣሪያ በጥርጣሬ ብቻ ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ግን የታይታኒክን ቁልፍ በኪስ ይዞ መውረድ ነው።

ዛይስን እንሥራ እያልኩ አይደለም። የምለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ለስካውቶቻችን ውኃ የማያስገባ 8×42 እንግዛ፤ አጠቃቀሙንም እናሠልጥን። አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ባይኖኩላር ፈቶ የሚያጸዳ፣ ቱቦዎቹን አጣጥሞ መልሶ የሚያሽግ ጥቂት ሰው ያውጣ። ያ ሰው የማይክሮስኮፕንና የቀያሽ መሣሪያን ሌንስም ይጠግናል፤ በየጤና ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ ሻጋታ በልቶት የተቀመጠው ማይክሮስኮፕ ስንት ነው? ዬና የጀመረችው ከትንሽ ዎርክሾፕ ነው።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ 8×42 ገዛ፤ ከሃያ እጥፉ ይልቅ ሁለት ወር ተጨማሪ አጠራቅሞ። ትናንት ማታ መልእክት ላከልኝ፦ "ጋሼ፣ ሊመሽ ሲል ቀበሮ ከነግልገሎቿ አየሁ። አብሮኝ ለነበረው ስካውት ሰጠሁት። ከዚያ አልመልስም አለ።"

ልክ ነው። ለምን ይመልሳል?